አንድ መንቀጥቀጥ፣ ሦስት ቁጥር

ጥቅምት 4 ቀን 1989፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ወተት አፍልቼ አወረድኩ። ባልኮኑን አጠብኩ። አሠሪዬ ማዳም ሶንያ ፀጉሯን እያደረቀች ነው። አንቺን የማወጣሽ ማድረቂያው ሲጮህ ነው፣ ደብተሬ። ከሩዙ ጣሳ ጀርባ ነሽ። ዛሬ ሩዝ ሩዝ ሸተሽኛል።

ሽማግሌው ተነሥተዋል፤ ከዘራቸው ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። ማዳም ልጃቸው ናት፣ «ባባ» ትላቸዋለች። እኔ «ሚስተር» ነው የምላቸው። ከእንግዲህ ሚ/ር ብዬ እጽፋለሁ፣ እሷን ማ/ም። ቦታ ይቆጥባል። ያለሽ ሃምሳ ቅጠል ብቻ ነው።

ሚ/ር የመሬት መንቀጥቀጥ አስተማሪ ነበሩ። አሁን ጡረታ። ዓይናቸው መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ነው የቀረው። እኔን ለማየት ግድግዳውን ያያሉ። መጀመሪያ የተቆጡኝ ይመስለኝ ነበር።

ማ/ም ወደ ፋርማሲዋ ስትሄድ ጠሩኝ። ቁጥር ማንበብ ትችያለሽ አሉ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ ሒሳብም አልወድቅም ነበር ልል አሰብኩ። ከአፌ የወጣው «ኤ» ብቻ ነው፣ በዓረብኛ አዎ ማለት። እንግዲያው ከምሳ በኋላ ነይ አሉ።

እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ከጀመርኩ አምስተኛ ቀኔ። ደስ ይላል። ለሌላ ሰው እንዲህ ብዬ አልናገርም፤ ላንቺ ግን ደስ ይላል።

ሥራው ይኸውልሽ። ሰሜን ዋልታ ዘንድ፣ ባሕሩ በረዶ የሆነበት አገር፣ ከሥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ሰው ስለሌለ የሚደነግጥ የለም። ሩቅ አገር ያሉ መሣሪያዎች ግን ይሰሙታል፣ ቁጥር ይሰጡታል። ራዲዮ «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል» ሲል አንድ ቁጥር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዱ መንቀጥቀጥ ሦስት ቁጥር አለው። አንደኛው የሚለካው በመሬት ሆድ አቋርጦ ቀድሞ ከሚደርሰው ፈጣን ንዝረት ነው። ሁለተኛው በመሬት ቆዳ ላይ እየተንከባለለ ዘግይቶ ከሚመጣው ረጅም ሞገድ። ሦስተኛው እዚያው በረዶው አጠገብ፣ አንዲት ደሴት ላይ ካለው መሣሪያ፤ መርፌው ምን ያህል እንደዘለለ ይታያል። የዚህ የሦስተኛው ስሌት ግን መጀመሪያ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ላለ ሞቃት አገር ነው። ለበረዶ አልታሰበም።

ሦስቱ አይስማሙም። ሚ/ር ማወቅ የሚፈልጉት በስንት እንደማይስማሙ ነው።

እውነቱ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። (ጠየቅኋቸው። የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ።) ሁሉም እውነት ነው አሉ።

ገባኝ እኮ። ደብረ ብርሃን እናቴ ከጎረቤት ዱቄት ስትበደር ጣሳውንም አብራ ታመጣለች። የምትመልሰው በዚያው ጣሳ ነው። የኛ ጣሳ ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ በሱ ብትመልስ ጎረቤት ይቀየማል። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው። ይህን በዓረብኛ ለመናገር ቃል አጠረኝና ከወጥ ቤት ሁለት ጣሳ አምጥቼ አስያዝኳቸው። የአንዱን ቂጥ ገባ አደረግሁላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፣ ዳሰሱት፣ «ቢዛብት» አሉ። ልክ እንደሱ ማለት ነው።

የማ/ም ጣሳ ነበር። ደብቄዋለሁ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ሰሌዳ ሠራን። የቡሽ ነው፣ የበር ግማሽ ያህላል፣ በክር ተከፋፍሏል። ወደ ጎን የሩቆቹ ቁጥር፣ ወደ ላይ የደሴቱ ቁጥር። ለእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ስፒል እሰካለሁ። ትንሽ ራስ ያለው ስፒል ለፈጣኑ ንዝረት፣ ትልቅ ራስ ያለው ለረጅሙ ሞገድ። ሚ/ር በመዳፋቸው ያነቡታል። መለኪያዎቹ ከተግባቡ ስፒሎቹ እንደ ጠዋት ሰልፍ መስመር ይይዛሉ። ካልተግባቡ እንደ ፈሰሰ ምስር። የምስሩን ያልኩት እኔ ነኝ። ወደዱት።

እትዬ የሺ ዛሬ የሕንፃውን ደረጃ ልታጥብ መጣች። ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። ከአሠሪዎቿ ከወጣች ቆየች፤ ናባዓ ሰፈር እንደኔ ካሉ ሦስት ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ሁሉም አበሾች። በወጥ ቤቱ በር ባልዲዋን አስቀምጣ እጄን አየች። ጣቴ ቀለም ነክቶት ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ? በጣትሽ ነው የምትኳዪው?»

ነገርኳት። ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ይቺ አገር በቦንብ የተንቀጠቀጠችው አልበቃ ብሎ ሰው የሌለበትን ትቆጥሪያለሽ? ያላ፣ የኔ ጸሐፊ፣ ውሃ ቅጂልኝ።»

ቀዳሁላት። የኔ ጸሐፊ አለችኝ እንግዲህ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ካሴቶች! ስድስት ናቸው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ።

ሚ/ር ከጦርነቱ በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ ያቺ ደሴት ላይ አንድ ዓመት ኖረዋል። የጣቢያው ኃላፊ ወዳጃቸው ነው። እሱ እስከ ቅርብ ጊዜ እዚያው ነበር፤ በየብርዱ፣ በየጨለማው፣ መርፌውን ሲጠብቅ። የሚ/ር ሥራ ሰዓቱንና ቁጥሩን በዓረብኛ ካሴት ላይ ማንበብ ነበር፤ ለሚስታቸው እየላኩ እሷ በታይፕ ልትጽፈው። ሚስታቸው ሳትጨርሰው ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው አልተከፈተም ነበር።

እያንዳንዱ ካሴት አጀማመሩ አንድ ነው። የሚያነበው ማን እንደሆነ። ቀኑ። በማን ሰዓት እንደሆነ፣ «በጣቢያው ሰዓት» ይላል። ከዚያ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። ድምፁ የወጣት ነው። ሚ/ር ራሳቸውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እኔ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ አሥራ ሁለት እጨምራለሁ። ከዚያ ያንኑ መንቀጥቀጥ በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ በቀኑና በሰዓቱ እፈልገዋለሁ። ደሴቱ ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ይሰማል፤ ሩቆቹ ደቂቃዎች ይዘገያሉ። ልኩን ካጣሽ ወደ ታች ቅርቡን መስመር ውሰጂ አሉኝ። አንዳንድ ቀን በመቶ የሚቆጠር ይደርሳል፣ መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የመጀመሪያውን ካሴት በእያንዳንዱ ቁጥር እያቆምኩ ነው የጻፍኩት። እጄ ላብ በላብ። ሌሊት የማይመሽበት የበጋ ወራቸው ነው። ስፒሎቹ ተሰለፉ! ሚ/ር መዳፋቸውን በሰያፍ ጎትተው ፈገግ አሉ።

ማ/ም በጊዜ ገባች። ተቀምጬ አገኘችኝ። ብድግ አልኩ። ከአባቷ ጋር በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ወጥ ቤት መጥታ በቀስታ ነገረችኝ፦ አሽራፊዬ ሰፈር ያለችው እኅቷ መንታ ወልዳለች፣ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ እኔን ልትልክላት አስባ ነበር። ባባ ከተጠቀመብሽ ትቆያለሽ አለች። ግን ይህ የአባቴ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብታበላሺበት ኸላስ፣ በቃ፣ መንታዎቹ ጋ ነሽ።

አላበላሽም አልኩ። በልቤ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

አራተኛው ካሴት ላይ ነኝ። ከሁለተኛው ጀምሮ ማቆም ትቼአለሁ። ወጣቱ ሚ/ር ይናገራል፣ እጄ ይጽፋል፣ ጆሮዬ ደግሞ ምድጃው ላይ ያለው ባቄላ ጋ ነው። እንዲህ ይቀልላል ብዬ አላሰብኩም። ማክሰኞ እትዬ የሺ በበሩ አየችኝ፣ እንደ ባንክ ቤት ሰው ነው የምትጽፊው አለች።

አሁን የጨለማው ወራት ላይ ደርሰናል። እዚያ ፀሐይ ለአራት ወር አትወጣም። ወጣቱ ሚ/ር ቁጥሮቹ መሐል ለሚስቱ አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ውሻዋ ወለደች፣ ካልሲዬ ተቀደደ። ያኔ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ሚ/ርም።

ስፒሎቹ ግን አልተሰለፉም። ምስር ሆኑ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ሚ/ር ጠዋቱን ሙሉ ሰሌዳውን ሲዳስሱ ዋሉ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። አሞቅሁት፣ ደግሞ ቀዘቀዘ።

የደረሱበትን ነገሩኝ። የበጋው ካሴት መስመር ይዟል። የጨለማው ወራት በሙሉ ተበትኗል። ስለዚህ ባሕሩ ሲረጋ የደሴቱ መለኪያ አይታመንም ማለት ነው፤ በረዶው ይሆናል የሚያውከው። ወዳጃቸው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚለው ሌላ ነው፦ የኔ ቁጥር ከሩቆቹ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በጋም ጨለማም እኩል ነው፣ ያቺን ትንሽ ብትጨምሩበት ይበቃል። አሁን መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። የሚ/ርን ቃል እየጠበቀ ነው። ሚ/ር አይታመንም ካሉት የብርዱን ወራት ሁሉ ከመጽሐፉ ያወጣል። ወዳጄ ኩሩ ነው፣ ቃሌን ያከብራል፣ አሉ።

የስንት ዓመት ብርድ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዕድሜውን አሉ።

አዘኑ። ግን ሰሌዳው የሚለው ይህንን ነው፣ ለወዳጅ ተብሎ ስፒል አይነቀልም አሉ። ደብዳቤውን ማ/ምን በቃል ያስጽፏታል። በሚቀጥለው ዓርብ ይላካል።

እኔ ጥሩ ሠርተሻል ተባልኩ። ማ/ም ራሷ «ሜርሲ» አለችኝ። መኮራት አማረኝ፣ የደሴቱ ሰውዬ ደግሞ አሳዘነኝ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ፣ ወደ ማታ

ማ/ም እስከ 11 ሰዓት ፈቀደችልኝ። በሰርቪስ ታክሲ ናባዓ ሄድኩ፣ ከሁለት ሰዎች መሐል ተጣብቄ፤ ሹፌሩን «እዚህ» ለማለት አፍሬ አንድ መታጠፊያ አለፍኩ። በእግሬ ተመለስኩ።

የእትዬ የሺ ክፍል ጠባብ ናት፣ አራት ፍራሽ፣ አንድ መስኮት፣ ማዶ የሚታየው የሰው ልብስ። ሽሮ በላን። የግድግዳው ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ነው የተሞላው። እኔ ስገባ ስምንት ይላል፣ መንገዱ ላይ ግን ሁለት ነበር። እትዬ የሺ ማዳሞቹ ሰባት ሲሉኝ ጆሮዬ አንድ ነው የሚሰማው፣ አሥር ዓመት ብቆይም አይድንልኝም አለች። ሁላችንም እንደዚያው ነን ተባባልን። ሳቅን።

ስለ መንቀጥቀጡ ጠየቁኝ። በሰው ፊት አልችልም፣ ላብ አሰመጠኝ። ግን ስለ ጣሳው አወራሁ፣ ሰሙኝ።

ጥሩ እሑድ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ደብተሬ፣ አበላሸሁ።

ካሴቶቹን ወደ ቆርቆሮው ልመልስ እየጠቀለልኩ ነበር። ሦስተኛው መሐል ላይ ቆመ። እንዲያው ልስማ ብዬ ነካሁት። ወጣቱ ሚ/ር «ሰዓት ሰባት ከሃያ» አለ፣ ቁጥሩን አለ። ከዚያ በር ተንኳኳ፣ ሳህን ተንቃጨለ፣ እሱም ለሚስቱ፦ ቁርስ መጣ፣ ዛሬም ዓሣ ነው። ሳቅሁ።

ከዚያ የጻፍኩትን ወረቀት አየሁ። 1፡20 ይላል። በእጄ ጽሑፍ።

በእነሱ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ቁርስ አይበላም። ሰባት ብሎኛል፤ እጄ አንድ ብሎ ጽፏል። ሌላ ቦታ አስኬድኩት። ሦስት ይላል፣ ዘጠኝ ጽፌአለሁ። አሥር ይላል፣ አራት። ሁሉም ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ማ/ም በሰባት ቀስቅሺኝ ስትለኝ አንድ ብዬ እንደምሰማው ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው ካሴት ብቻ ነው ልክ የሆነው፣ እየፈራሁ ስላቆምኩት።

መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በተሳሳተው ሰዓት ላይም ሌላ መንቀጥቀጥ አገኘሁ። ቅርቡን ወሰድኩ። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አጋባሁ። በረዶው ምንም አላደረገም። የደሴቱ ሰውዬም አላጠፋም።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ለእትዬ የሺ ደረጃው ላይ ነገርኳት። መወልወያዋን ተደግፋ ሰማችኝ።

«ማን ያውቃል ይኼንን?»

«ማንም።»

«ሽማግሌው ያያሉ?»

«አያዩም።»

«እንግዲያው ዝም በያ፣ ስንዱዬ። መንታ ታውቂያለሽ አንቺ? እኔ አሳድጌአለሁ። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሣል። የበረዶ ሰውዬ ላንቺ ምንሽ ነው?»

ክፉ ብላ አይደለም። ለኔ ብላ ነው። ባልዲዋን ይዤላት እስከ ምድር ቤት ወረድኩ።

ምኔም አይደለም። እውነቷን ነው። ግን በዚያ ጨለማ መርፌውን ሲጠብቅ ካልሲው የተቀደደ ይመስለኛል የሱም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ሦስት ጊዜ በራቸው ላይ ቆምኩ። አንዴ ሻይ ይዤ፣ አንዴ ፎጣ ይዤ፣ አንዴ ባዶ እጄን። «ምን አለ?» ይላሉ ግድግዳውን እያዩ። «ምንም» እላለሁ።

ፊት ለፊት አልችልም። እኔን ታውቂኛለሽ።

አሰብኩ። ማ/ም ስትወጣ መቅረጫውን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰድኩት። መደርደሪያው ላይ ባዶ ካሴት ነበር። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪነሣ ቁጭ ብዬ በልቤ ተለማመድኩት። መጣ። እንደሳቸው ጀመርኩ፦

የማነበው ስንዱ ነኝ። ቀኑ ረቡዕ። ሰዓቱ በእኛ አራት ነው፣ በእናንተ አሥር። ከሁለተኛው ካሴት ጀምሮ የጻፍኩት በእኛ ሰዓት ነው። የደሴቱ ሰው አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

በዓረብኛ አምስት ጊዜ ቀዳሁት። አምስተኛው ይሻላል። መቅረጫው ውስጥ ትቼ ጠረጴዛቸው ላይ መለስኩት። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ነው።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

አልነኩትም!

ሥራው አለቀ አሉ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ማ/ም ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ነገ ይላካል። መቅረጫውን ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቺው፣ አሁን ትንሽ ልረፍ አሉኝ። ሙዚቃ ከራዲዮ ከፈቱ።

ከተትኩት። ድምፄ ከክረምት ካፖርቶች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ምሳ አቃጠልኩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ የባሰው እሱ ነው።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የቁርሱን ሳህን ሳላጥብ ነው ያወጣሁሽ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማ/ም ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ። ሚ/ር ሳሎን ቁርስ ላይ። እኔ ወጥ ቤት ላብነህ፣ ወፍራሙን እርጎ፣ በሳህን እየቀባሁ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ መቅረጫውን ተሸክሜ ሚ/ር ፊት፣ ወይራው አጠገብ አስቀመጥኩና ተጫንኩት።

መሸሽ አሰብኩ። ቆሜ ሰማሁት።

ድምፄ እንዲያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ከጀርባው የልብስ ማጠቢያው ይንጠባጠባል። ሚ/ር ማኘክ አቆሙ። ማ/ም አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ አንዱ ውጭ ሆኖ ቆመች። አለቀ። ሚ/ር ድገሚው አሉ። ደገምኩት።

ከዚያ፦ አሁን በእናንተ ስንት ሰዓት ነው አሉኝ።

«አንድ ተኩል።»

ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሳቅ ነው፣ ድምፅ የሌለው። ዓይናቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «ሶንያ፣ ደብዳቤውን» አሉ።

ማ/ም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደኔ ዞረች። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አለች። ከማክሰኞ አልኩ። ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀችና ሄደች። በሩን ወርውራ አልዘጋችውም። በቀስታ ነው የዘጋችው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

ሁሉንም ነቀልን። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ዛሬ። በእያንዳንዱ ቁጥር አቆማለሁ። በሰማሁት ላይ ሳይሆን በተባለው ላይ። ሚ/ር አጠገቤ ተቀምጠው ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ሰባት ከሆነ ሰባት ጣት። ባቄላው ይጠብቃል።

ስለ ሰዓታችን ጠየቁኝ። ቀኑ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ እንላለን አልኳቸው። አሰቡበት። ፀሐይ ለአራት ወር በማትወጣበት አገርስ ብትሆኑ አሉ። ወዳጄ ከቁርስ ነበር የሚቆጥረው አሉ ራሳቸው። እንደዚያ ከሆነ እኛም እንችላለን አልኩ።

የመጨረሻውን ስፒል 10 ሰዓት ላይ ሰካሁ። እጃቸውን ይዤ ሰሌዳው ላይ አደረግሁት። እጃቸውን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለት መስመር። ትንንሽ ራሶቹ አንድ፣ ትልልቆቹ ከጎኑ ሌላ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ። ከበጋው እስከ ጨለማው ሳይቋረጥ። የደሴቱ ቁጥር ከሩቆቹ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሁልጊዜ እኩል። ሰውየው እንዳለው። ያቺን ትንሽ መጨመር ብቻ።

ሚ/ር ሁለት ሦስቴ በመስመሩ ላይ ተመላለሱ። «አዛውንቱ ትክክል ነበር» አሉ፣ እሳቸውም አዛውንት ሆነው ሳለ።

እትዬ የሺ በወጥ ቤት በር ብቅ አለች። በዓይኗ «እ?» አለችኝ። ሰሌዳውን አሳየኋት። ምኑም አልገባት። «ቀጥ ብሏል» አለች ግን። «አባርረውሽ መስሎኝ ሻንጣሽን ልሸከም ነበር የመጣሁት።»

እስካሁን የለም አልኳት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የማ/ም እኅት ከመንታዎቹ ጋር ለምሳ መጣች። ቆንጆ ናቸው፣ ያለቅሳሉ። እኔ ሳህን አቀራርባለሁ። በመሐል ስሜን ሰማሁ። እኅቷ መቼ ነው የምትልኪያት አለች።

ማ/ም ወደ አባቷ አየች። ያኒ ባባ፣ ተሳስታብሃለች እኮ አለች፣ በቀስታ። የምትሞክራቸውም የምትቀልድም ትመስላለች።

ሚ/ር ሹካቸውን አስቀመጡ። በዓረብኛ ነው የተናገሩት፣ እኔም እንድሰማ፦

«እንዳገኘ የሚሳሳት መሣሪያ ይጣላል። ይቺ የተሳሳተችው ሁሉንም በስድስት ሰዓት ነው፤ አንዱንም በአምስት፣ አንዱንም በሰባት አይደለም። ደግሞ ራሷ ናት የነገረችኝ። እንደዚህ ያለ መሣሪያ በሕይወቴ አላገኘሁም። አልሰጥም።»

ማ/ም ሳቀች። እኅቷ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ማ/ም ሰላጣውን ስታቀብለኝ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፣ ከዚያ፦ ያ ጣሳ ግን ምን ሆኖ ነው ቂጡ የገባው?

ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ከፈትኩ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም ትንሽ፣ ውሃው ይሸፍነዋል።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አዲሱ ደብዳቤ ሰኞ ሄደ። አጭር ናት አሉኝ። «ልክ ነህ» ትላለች ዋናዋ።

ዝናብ። ከባልኮኑ ልብስ አስገባሁ። ባሕሩ ግራጫ ሆኗል። ቤቱ ሞቋል።

ዛሬ አዲስ ነገር አመጡ። ወዳጃቸው ዓይኑ ደክሟል፣ እንደሳቸው። ዝርዝሩን በወረቀት ብንልክለት የሚያነብለት የለም። በካሴት ቢሄድ ይሻላል። የሚ/ር ድምፅ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ አንቺ ታነቢዋለሽ አሉኝ፣ በፈረንሳይኛ ቁጥር፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ካወቅሽ ሌላው መደጋገም ነው። እስከ አራት አስተማሩኝ፣ የቀረው ከእራት በኋላ ነው። ካትር።

እኔ ለሰርቪሱ ሹፌር «እዚህ» ማለት ያቃተኝ። ድምፄ በረዶ አገር ሊሄድ ነው። ሰውየው በምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል።

እሺ አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት፣ ሳልቆጥር።

አጀማመሩን ታውቂያለሽ ብለውኛል። የሚያነበው ማን እንደሆነ፣ ቀኑ፣ በማን ሰዓት እንደሆነ። የትኛውን ሰዓት እንደምል አንቺው ምረጪ፣ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪው አሉ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ድንች እየላጥኩ አሰብኩበት።

ወስኛለሁ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ጥሩ ቀን ነው። ማ/ም ስትወጣ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ስሜን እላለሁ። ካሴቱ ላይ በደሴቱ ሰዓት። አንቺ ላይ በእኛ።